ዘበርጋን ማን ይጥራው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ያውጣ፤ በዚህ ጠብ የለኝም። ጭንቁ የሚመጣው ከወጣ በኋላ ማን ይጥራው የሚለው ላይ ነው። ሌላ አገር ስም የሚሰጠው ለመጠሪያ ነው። እኛ ዘንድ ግን ሰውየው ወንድ ልጅ ወልዶ፣ ያም ልጅ አድጎ ሚስት ያገባ ዕለት፣ የአባትየው ስም ላስቲኩ እንዳልተነሳለት አዲስ ሶፋ ይሆናል። ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይቀመጥበትም።

አባቴ ዘበርጋ ይባላል። እኔ ብጽፈው ምንም አይለኝም፤ ልጁ ነኝ። ባለቤቴ አስቴር ግን ይህችን ወግ ጮክ ብላ ብታነብላችሁ፣ እዚህች ቦታ ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠርጋ ታልፋታለች። በእኛ በጉራጌዎች የድሮ ሥርዓት ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ነውር ነው። ስሙን ብቻ ብትተው እኮ ደግ ነበር። የእኔዋ ግን ስሙ የሚጀምርባትን ፊደል ጭምር ነው እርግፍ አድርጋ የተወችው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከቤታችን ዘይት ጠፍቶ አያውቅም፣ እሷ ግን አንድም ቀን ዘይት ገዝታ አታውቅም። የምትገዛው «ማቁላያ» ነው። ባለሱቁም ለምዷት፣ ገና ከበሩ ስትገባ ጀሪካኑን ያነሳል።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድማ አታንሱት። ፕሮቴስታንቶች ነን፤ መጽሐፍ ቅዱስ ስናጠና ተራ በተራ ነው የምናነበው። አስቴር ዘፍጥረትን «የመጀመሪያው መጽሐፍ» ትለዋለች፣ ዘዳግምን «አምስተኛው»፣ ዘካርያስን ደግሞ «ከሚልክያስ በፊት ያለው»። አንድ አዲስ አገልጋይ ይህን አይቶ እንዴት ያለች መጽሐፉን በተራ ቁጥር የሸመደደች እህት ናት ብሎ በጉባኤ መሐል አመስግኗታል። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ይህን ያስተማረቻት እናቴ ናት። በሰርጋችን ማግስት አስቴርን ጓዳ አስገብታ፣ «ስሙን እኔ እጠራዋለሁ፤ አንቺ ተዪልኝ» አለቻት። እናቴ ደፋር ነበረች። የዕድሜ እኩዮቿ የባላቸውን ስም በሹክሹክታ እንኳ ለማንሳት ሲሳቀቁ፣ እሷ ከጓሮ ሆና «ዘበርጋ!» ስትል ሦስተኛው ቤት ያለ ሰው «ምሳ ደረሰ» ይል ነበር። ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ነፍሷን ይማረውና አደራዋ ግን እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ይኖራል።

የዛሬ ልጆች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። የዘመኑ ምራቶች አማታቸውን በስም መጥራት ብቻ መች በቃቸው፣ አቆላምጠው በስልክ መልእክት ይልኩለታል። ይሁንላቸው። እኔም ስስቅ ነበር፤ ዘቢዳር ተራራ ላይ ሳቄን እስካጠፋው ድረስ።

በቅድሚያ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ሰዎች ፈሪ ይሉኛል፤ ስም ማጥፋት ነው። እኔ ፈሪ አይደለሁም፣ ስጋታም ነኝ። ፈሪ የመጣበትን ይሸሻል፤ ስጋታም ያልመጣበትን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የቱ ነው ትዕግሥት የሚፈልገው? ወልቂጤ ላይ አንዲት የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። አልጋ ሠርቼ ባስረከብኩ ቁጥር፣ ደንበኛዬ እስኪመጣና በእግሩ ቆሞ እስካየው ድረስ ተሰብሮበት ይሆን እያልኩ እሰነብታለሁ። ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አሉኝ፣ መርካቶ ነው የሚነግዱት። ሁሉን ነገር በጅምላ ነውና የሚያውቁት፣ የአባታችንንም ጭንቀት በጅምላ ለእኔ አስረክበው ሄደዋል። በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላሉ፦ አባዬ በላ? አባዬ ተኛ? አባዬ መድኃኒቱን ወሰደ? አደራ! የደም ግፊት አለበት፣ ዕድሜው ሰባ ስምንት ነው፣ አታት አካባቢ ካለው ቤቱ ንቅንቅ አልልም ያለ ሰው ነው።

ታዲያ ይህ ንቅንቅ አልልም ያለ ሰው አንድ ቀን ጠርቶኝ ዘቢዳርን መውጣት እፈልጋለሁ አለኝ። በጎልማሳነቱ ሸቀጥ ተሸክሞ በእግሩ ይነግድ ነበር፤ ያን ተራራ ስንት ጊዜ ዞሮታል፣ ወጥቶት ግን አያውቅም። አሁን ደግሞ ተከልሎ፣ አስጎብኚ ቆሞለት፣ አውሬውም ዛፉም የማይነካበት ፓርክ ሆኗል ሲሉ ሰምቷል። መኪና ግማሽ መንገድ ድረስ እንደሚወጣም ሰምቷል። ማን እንደነገረው አላውቅም፤ ባውቅ ኖሮ አልጋ በሠራሁለት ነበር፣ የሚሰበር።

ግፊትህ፣ ብርዱ፣ ዳገቱ እያልኩ ለመንኩት። አባዬ ደግሞ ክርክር አያውቅም፤ ዝም ነው የሚለው። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት ለእሱ ተረት አይደለም፣ መተዳደሪያ ደንብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ስብሰባ እንኳ ሁሉም ተናግሮ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ ሲያበቃ ነው አንዲት ቃል የሚጥለው። እኔም ተናግሬ ተናግሬ ስጨርስ አንዲት ቃል ጣለ፦

«ዙሪያውን ኖሬ አናቱን ሳላይ ልሙት?»

በሉ እንግዲህ መልሱለት። እኔ ዕቃ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ሁለት ብርድ ልብስ፣ ጃንጥላ፣ የግፊት መድኃኒት፣ የግፊት መድኃኒቱ ቢጠፋ ሌላ የግፊት መድኃኒት፣ ገመድ፣ ባትሪ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ከነአይቡ። አስቴር ዕቃውን አይታ ልንጎበኝ ነው ወይስ ልንሰደድ ነው አለችኝ። ተራራውን ስትጠራው ደግሞ «ትልቁ» ነው የምትለው፤ እሱም በ«ዘ» ይጀምራላ! የፊደሏን ጣጣ አያችሁልኝ?

ከአታት አባዬን ይዘን ተሻገርንና ቡታጅራ የአስቴር እህት ዘንድ አደርን። በማግሥቱ መኪና እስከሚወጣበት ወጣን። የተቀበለን አስጎብኚ ሸምሱ ይባላል፤ የመስቃን ገበሬ ነው፣ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ። «አሰላሙ አለይኩም» ሲለን አባዬ ቀበል አድርጎ «ወአለይኩም ሰላም» አለው፤ ዕድሜውን በገበያ የፈጀ ሰው ነው፣ ለሰላምታ ሃይማኖት አይመርጥም። ሸምሱ ወዲያው «አባት» እያለ ክንዱን ይዞ ይደግፈው ጀመር። ወደድኩት፤ አንድ ክንድ ከሐሳቤ ተቀነሰ።

ደንቡን ዘረዘረልን። ለዝንጀሮ ምግብ እንዳትሰጡ፣ ከመንገዱ እንዳትወጡ፣ በግራ በኩል ገደል አለ። ጉም ከወረደ ደግሞ ባላችሁበት ቁጭ በሉ፣ ለሚጠራችሁ እንዳትመልሱ አለ። ይህችኛዋን እንደሌሎቹ ደንቦች ነው የተናገራት፣ ቆሻሻ እንዳትጥሉ እንደማለት አድርጎ። ለምን አንመልስም አልኩት።

ከአባቱ የሰማውን አወራልን። ይህ ተራራ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሁሉ ነገር ተሰጥቶታል፣ ድምፅ ግን የለውም፤ ስለዚህ ከሰው ይዋሳል። ቀኑን ሙሉ ቅጠል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ይውልና፣ ጉም ሲወርድ ሲሰማ በዋለው ድምፅ ሰው ይጠራል። ድሮ አንድ ቀፎ ሰቃይ ሰውዬ ወንድሙ የጠራው መስሎት «አቤት፣ መጣሁ» እያለ ድምፁን ተከትሎ ሄደ። ቀፎው ዛፉ ላይ ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። ሸምሱ ይህን ሲያወራ ገደሉን በዱላው አሳየን፣ ታሪኩ እንዳይጠፋብን ብሎ መሰለኝ።

እኔ ሳቅሁ። ጌታን ያገኘን ሰዎች ነን፣ እንዲህ ያለውን ነገር አንቀበልም አልኩት፤ አልኩት ብቻ ሳይሆን ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው ያልኩት። ሸምሱ አልተቀየመም። አላህ ያውቃል አለና መንገድ ጀመረ። አባዬም አብሮኝ ይስቃል ብዬ ዞር ስል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ዘበርጋ ዱላውን እየደባበሰ ገደሉን ያያል። አልሳቀም።

ከዚያ መውጣት ጀመርን፣ እኔም መጨነቅ ጀመርኩ። አባዬ ቀስ! አባዬ ድንጋይ! አባዬ ያዳልጣል! አባዬ ኮፍያህን! አባዬ ውሃ ጠጣ! አባዬ እንዳትጠጣ፣ ይበርድሃል! በእያንዳንዷ እርምጃ አንድ አባዬ አልቀረችም። ጥቁርና ነጭ ካባቸውን ለብሰው ዛፍ ላይ የተቀመጡ ጉሬዛዎች ነበሩ፤ ሸምሱ እዩዋቸው ሲለን እነሱ እኛን ነበር የሚያዩት። አስቴር በጆሮዬ፣ አፍህን ብትይዝ እኮ ጦጣውም ሚዳቋውም ይታየን ነበር አለችኝ። ዝም ብዬ ቢወድቅስ? ለወንድሞቼ ጉሬዛ ሳይ ነው የወደቀው ልበላቸው?

በዚህ መሐል ሸምሱ ከመንገዱ ዳር አንድ የነጣ ነገር በዱላው ነካ አደረገ። የጅብ ኩስ ነው አለ። ቀን ቀን ዋሻው ውስጥ ስለሆነ አታስቡ አለ። ዋሻው የት ነው አልኩ። እዚሁ ዙሪያውን ነው አለ። ይህ ሰው እያጽናናኝ መሆኑ ነው። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ እዚህ ግን እንግዳው እኔ ነኝ፣ ቁርበቱም የእኔው ነው።

አናቱ ላይ ስንደርስ ዛፉ አልቆ ሳርና ጅብራ ብቻ ሆነ። ጅብራን ታውቁታላችሁ፣ ያን እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የደጋ ተክል። አባዬ አንድ ሰፊ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ወዲያ የቡታጅራን ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወዲህ የቤቱን አቅጣጫ እያፈራረቀ ማየት ያዘ። ብዙ ቆየ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር እናቴ ከሞተች ወዲህ አይቼው አላውቅም። ለአንዲት ደቂቃ፣ እውነቴን ነው፣ ምንም አልሰጋሁም።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ግን ሰው ሳይሰጋ በተገኘባት ደቂቃ ነው። አንድ ትልቅ ዝንጀሮ ከየት እንደመጣ ሳናየው ቦርሳዬን አንስቶ ሮጠ። ቆጮው ያለበት ቦርሳ ነው። መድኃኒቱም፣ የመድኃኒቱ ተጠባባቂ መድኃኒትም፣ ሁለቱም እዚያው ውስጥ ናቸው። ይህን ያህል አስቤ ሁለቱን አንድ ቦርሳ ውስጥ ያደረግሁ ሰው እኔ ነኝ! «አባዬ እንዳትንቀሳቀስ!» ብዬ ተከተልኩት። ሸምሱ ተከተለኝ፣ አስቴርም ነጠላዋን ታጥቃ ተከተለችን። ቁልቁል ወርደን ስንደርስበት ሰውዬው፣ ማለቴ ዝንጀሮው፣ ኮባውን በሥርዓት ገልጦ ቆጮውን እየበላ ነበር። አይቡን አስቀድሞ ጨርሶታል። እንዲህ አድርጎ ኮባ የሚፈታ ዝንጀሮ አባቱ ከሰባት ቤት ጉራጌ ሳይሆን አይቀርም። ሲጠግብ ቦርሳውን ጥሎልን ሄደ፤ መድኃኒቱን ንቆ አልነካውም።

መድኃኒቱን አቅፌ ዞር ስል ተራራው የለም።

ጉም ነው። ያልፈላ ወተት ውስጥ የገባን መሰለኝ፤ የራሴ ጫማ አይታየኝም። ሸምሱ በዱላው እየዳበሰ ወደ ድንጋዩ መለሰን። ድንጋዩን በእጄ ነካሁት፤ ድንጋዩ አለ። አባዬ የለም።

አባዬ! አልኩ። ዝም። አባዬ! አሁንም ዝም። በቀኝ ዞሬ ጠራሁ፣ በግራ ልዞር ስል ሸምሱ ክንዴን ለቀም አድርጎ፣ ጋሼ ወደዚያ ገደል ነው አለኝ። አስቴርም «አባባ! አባባ!» እያለች ጮኸች፤ ሁልጊዜ የምትጠራው እንዲያ ነው። ሸምሱም ጮኸ፣ «አባት! አባት!» አለ። መልስ የለም። ሸምሱ ትንሽ አሰበና፣ ሰውየው ቢሰሙም የሚመልሱ አይመስለኝም፣ የተራራውን ባለቤት ነገር ስናገር አይቻቸዋለሁ፣ ሰምተውኛል አለ። እኔ ወርጄ ከጥበቃዎቹ ሰዎች ይዤ ልምጣ፣ እናንተ ከዚህች ድንጋይ እንዳትነሱ ብሎን ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ጉሙ አንዳንዴ እስኪመሽ እንደሚቆይ ሸምሱ ጠዋት ነግሮናል። ገደሉ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ አባቴ የት እንዳለ አላውቅም። ሲነጋ የወሰዳት ኪኒን አለቀች፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ብርድ ልብሶቹ እኔ ትከሻ ላይ ናቸው። ጅቡ ዋሻው ውስጥ ነው የተባለው ቀን ቀን ነው፤ በጉም ውስጥ ቀን መሆኑን ጅብ በምን ያውቃል? ፈራሁ። ቅድም ፈሪ አይደለሁም ያልኳችሁን ተዉት። ከፊት ለፊቴ አንድ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌታዬ አባቴን አይተዋል?» ብዬ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁት። ጅብራ ነበር።

በዚህ ላይ ስልኬ አይጮህም መሰላችሁ! ወልቂጤ መሐል ከተማ ቆሜ የሚጠፋብኝ ኔትወርክ እዚያ ጉም ውስጥ ጥርት ብሎ መጣ። ታላቅ ወንድሜ ነው። አባዬ እንዴት ነው አለኝ። ደህና ነው አልኩ። አቅርብልኝ አለ። ምን ልበል? ትንሽ ራቅ ብሎ ነው፣ ጸጥታ ፈልጓል አልኩት። እስኪ ጥራው አለኝ። ከጠራሁት ሰዓት ሆነኝ አልለው! ኔትወርኩ የተቋረጠ አስመስዬ ዘጋሁት፤ በሕይወቴ ኔትወርክ ስላለ ያዘንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አስቴር ዓይኗን ጨፍና መጸለይ ጀመረች። «ጌታ ሆይ፣ ያን አባታችንን፣ ያን አንተ የምታውቀውን…» ስትል ሰማኋት። ለእግዚአብሔር እንኳ ስሙን አልነገረችውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። እኔ ደግሞ በስሙ ልጥራው ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣልኝም። ልጅ አባቱን በባዶ ስሙ ሲጠራ በእኛ አገር የሚሰማው ርስት ሲካፈል ነው። አባዬ! አልኩ እንደገና።

ጸሎቷን ስትጨርስ አስቴር ብድግ አለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ወደ ወገቧ አወረደችና አንተ ቁጭ በል አለችኝ። የእናቴን አደራ እያሰበች እንደነበረ ኋላ ነግራኛለች፤ «ስሙን ተዪልኝ ብላኝ ነበር፣ እሱን ጥዬ ስሙን ብይዝላት ምን ትለኛለች?» ብላ ነው የቆረጠችው። አፏን ከፈተች። «ዘ…» አለችና ቆመች። ከዚያ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ታምቆ የኖረው ነገር ባንዴ ወጣ፦

«ዘበርጋ!»

በድንጋዩ ላይ እንዳለሁ ደነገጥኩ። እናቴን የሰማሁ መሰለኝ። ጉሙ ዋጠው፣ መልስ የለም። ደግማ ጠራችው። መልስ የለም። በሦስተኛው ልቅሶዋ መጥቶ፣ ስሙ ከልቅሶው ጋር ተደባልቆ ነው የወጣው።

«አቤት» አለ አባዬ።

ሩቅ እንዳይመስላችሁ። አርባ እርምጃ አይሞላም! ዕድሜ ልኬን በዚያች ቃል ልክ የሚጣፍጥ ነገር አልሰማሁም። አንዱን አለት እየዳበስን ዞረን ስንደርስ፣ ነፋሱ ከማይደርስበት ጥግ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ነፋሱ ሲበረታበት ነው አሉ ወደዚያ ፈቀቅ ያለው። ብርድ ልብሶቹን ሁለቱንም ጫንኩበት፣ ኪኒኑን አፉ ውስጥ ከተትኩ፣ ከዚያ ያለቀስኩትን አልነግራችሁም።

አስቴር አልቀረበችም። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ከበስተጀርባዬ ቆማ፣ ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ አጠፋሁ አለች። አባዬ ምን አጠፋሽ ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ አላት። ከዚያም ቆጮውን ጠየቀ። ዝንጀሮ በላው ስንለው፣ አይቡንም? አለ።

ነፍሴ መለስ ስትል ቁጣዬም መለስ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ አሁን እኔ ጀግና ሆንኩ። ይህን ያህል ስጠራህ አልሰማህም ወይ አልኩት። ሰማሁ አለ። ለወንድምህም ጸጥታ ፈልጓል ስትለው ሰምቻለሁ አለኝ። ታዲያ ለምን አትመልስም ስለው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ እንዲህ ባለ ነገር ያምናል እንዴ ስለው፣ አያምንም አለ፤ አያምንም፣ ግን አይመልስም።

«ከጠዋት ጀምረህ አባዬ ቀስ፣ አባዬ ድንጋይ፣ አባዬ ውሃ ስትል ዋልክ» አለኝ። «ድምፅህን ተራራው ሸምድዶታል። አንተ ትሁን እሱ ይሁን በምን ልለይ?»

አስቴርም አባባ ስትል፣ ሸምሱም አባት ሲል ነበር የዋሉት፤ የሁሉም ድምፅ ተወስዷል ማለት ነው። እሷ ያን ስም ስትጠራ ግን ተራራው የት ሰምቶ ያውቃል? ተራራው ቀርቶ እኔም ከአፏ ሰምቼ አላውቅ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከጋኔን አይመጣም፤ ጋኔን የሚሰርቀው ያለውን ነው አለኝ። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ሰዓት ጭንቅ ምክንያቱ የእኔው ጭንቀት ነበር፤ ስንት ጊዜ «ቀስ» ብዬ ስንት ጊዜ ድምፄን ለተራራው እንዳዋስኩ አስቡት።

ጉሙ መሳሳት ጀመረ። ሸምሱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ደረሰና አባዬን ሲያይ «አልሃምዱሊላህ» ብሎ ድንጋይ ላይ ዘፍ አለ። ቁልቁል መውረድ ጀመርን። እኔ አፌን ዘግቻለሁ፤ አባዬ ቀስ ለማለት የከፈትኩትን አፍ ስንቴ መልሼ እንደዘጋሁት ጥርሴ ያውቃል። ግን አንዲት ነገር አላስቀመጥ አለችኝ። አስቴር ከሸምሱ ጋር ራቅ ብላ ስትቀድም ጠጋ አልኩት።

ድምጿን እንዳወቅህ ገባኝ፤ ግን ሦስት ጊዜ እኮ ነው የጠራችህ፣ እያለቀሰች፤ በመጀመሪያው አልለየሃትም ወይ አልኩት።

አንድ መታጠፊያ ወረድን። ጉሬዛዎቹ ከዛፋቸው ሆነው እንደገና አዩን።

«በመጀመሪያው ነው የለየኋት» አለኝ። «እናትህ ከሞተች ወዲህ ስሜን የጠራኝ ሰው የለም። ትንሽ ትጥራኝ ብዬ ነው።»

ዝም አይነቅዝም የምትለው ነገር ያን ጊዜ ገባችኝ።

አሁን ሁሉ ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል። አስቴር ማቁላያዋን ትገዛለች፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ታነባለች፣ አባዬን አባባ ትለዋለች። አባዬ ግን አታት ካለው ቤቱ ንቅንቅ አልልም ይል የነበረው ሰውዬ፣ ልሰንብት ብሎ እኛ ዘንድ መጥቶ ይኸው ሁለት ወሩ። ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ላይ ጠዋት ስስ ጉም ወርዶ ነበር። አባዬ ከበረንዳው ሆኖ አየው፣ ዱላውን አነሳ፣ ጓሮ ካለው እንሰት መሐል ገባና ጠፋ።